የመበለቶች ማዕድና የሰባቱ ምርጫ

ጌታችን ካረገበት ቀን አንሥቶ መንፈስ ቅዱስ እስከ ወረደበት እስከ በዓለ ኀምሳ ድረስ፣ በኢየሩሳሌም በጸሎት ይተጉ የነበሩት ምእመናን ቍጥራቸው 120 ያህል ነበር። ይህን ቍጥር ወንጌላዊው ሉቃስ በግብረ ሐዋርያት መጀመሪያ ላይ መዝግቦ ባያቈይልን ኖሮ፣ ኋላ የመጣውን ነገር የምንመዝንበት ሚዛን በጐደለን ነበር። 120 ሰዎች በአንድ ቤት ሲሰበሰቡ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፤ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ጦሙን እንዳደረ፣ የማን ባል እንደ ሞተና የማን ልጅ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ እንደ ቀረ፣ መልእክተኛ ሳይላክ ይታወቃል። በእንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ መዝገብ ያዥም መጋቢም መሾም ለማንም ትዝ አይለውም።

ያም ሆኖ ማኅበሩ ገና በዚህ መጠን ሳለ አንድ ሰው መምረጥ ግድ ሆነበት። የአስቆሮቱ ይሁዳ በገዛ ክሕደቱ ከዐሥራ ሁለቱ ተለይቶ ጠፍቶ ነበርና፣ ቅዱስ ጴጥሮስ በወንድሞች መካከል ቆሞ፣ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ጌታ እስካረገበት ቀን ድረስ ሳይለዩ አብረዋቸው ከኖሩት ሰዎች አንዱ የትንሣኤው ምስክር ሆኖ እንዲተካ አሳሰበ። ማኅበሩም ኢዮስጦስ የሚሉትን ዮሴፍ በርስያንንና ማትያስን አቆመ፤ ከጸለዩ በኋላም ዕጣ ጣሉ፤ ዕጣውም ለማትያስ ወጣ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ይህ ይሁዳ ሳይጠፋ በፊት የማኅበሩን ከረጢት ይይዝ የነበረ ሰው ነው፤ ወንጌላዊው ዮሐንስም በከረጢቱ ከሚገባው ገንዘብ ይሰርቅ እንደ ነበር ሳይሸሽግ ጽፎበታል። ሐዋርያት እንግዲህ የምጽዋት ገንዘብ ሰውን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከሌላ የሰሙት ሳይሆን በመካከላቸው ያዩት ነበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ዕድገት በድንገት የመጣ ነበር። በበዓለ ኀምሳ ዕለት፣ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (በዚህ ትረካ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ የተቈጠሩ ናቸው) በ30 ዓ.ም. ገደማ፣ 3,000 ያህል ነፍሳት ተጨመሩ፤ ጥቂት ቈይቶም የወንዶቹ ቍጥር ብቻ 5,000 ያህል ደረሰ። ሴቶቹንና ልጆቹን ከዚህ ላይ የሚደምር ሰው፣ የ120ዎቹ ቤት በአጭር ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ሕዝብ እንደ ተሸከመ ያስተውላል። እነዚህ ሁሉ ኅብረታቸውን የጠበቁት በጸሎትና በትምህርት ብቻ አልነበረም፤ ርስትና ቤት ያላቸው እየሸጡ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖሩ ነበር፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው መጠን ይታደል ነበር። ሐዋርያት በርናባስ ብለው የሰየሙት የቆጵሮስ ተወላጅ ሌዋዊው ዮሴፍ እርሻውን ሸጦ ገንዘቡን ያመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሐናንያና ሰጲራም ከዋጋው አስቀርተው ሁሉን እንደ ሰጡ አስመስለው በመዋሸታቸው የደረሰባቸው ፍርድ በዚሁ ጊዜ የሆነ ነው፤ በማኅበሩ ሁሉ ላይም ፍርሀት ወደቀ።

በዚያን ዘመን በአይሁድ ዘንድ ድኾችን የመርዳት ሥርዐት የታወቀ ነበር። ኋላ በ200 ዓ.ም. ገደማ በሚሽና መጽሐፍ እንደ ተጻፈው፣ ሁለት ዐይነት ምጽዋት ነበረ፤ አንዱ ተምሑይ ይባላል፣ ለዕለት ጕርስ በየቀኑ የሚታደል ምግብ ነው፤ ሁለተኛው ቁጳ ይባላል፣ ለከተማው ድኾች በየሳምንቱ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። የቁጳውን ገንዘብ ሁለት ሰዎች ይሰበስቡታል፤ ሲታደል ግን ሦስት ሰዎች ይቆሙበታል። ማከፋፈል ከመሰብሰብ ይልቅ ብዙ ዐይን የሚሻ መሆኑን እነዚያ ሊቃውንት ተረድተውት ነበር ማለት ነው። በሐዋርያት ማኅበር ግን መሰብሰቡም፣ መጠበቁም፣ ማደሉም በመጨረሻ የሚያርፈው በእነዚያው በዐሥራ ሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ነበር፤ እነርሱም በቀን በቤተ መቅደስና በየቤቱ ሲያስተምሩ፣ በሸንጎ ፊት ሲቀርቡ፣ ሲገረፉና ሲታሰሩ የሚውሉ ነበሩ።

በዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ተጨመረ። የኢየሩሳሌም ምእመናን አብዛኞቹ ከእስራኤል ወገን ቢሆኑም በአፋቸውና በአኗኗራቸው ሁለት ዐይነት ነበሩ። አንዳንዶቹ በአገሩ ተወልደው ያደጉ፣ አራማይስጥ የሚናገሩ፣ ሉቃስ ዕብራውያን የሚላቸው ናቸው፤ ሌሎቹ ከእስክንድርያ፣ ከቀሬና፣ ከኪልቅያ፣ ከእስያና ከሮም ሳይቀር መጥተው የተቀመጡ፣ መጻሕፍትንም በጽርእ (በግሪክ) ቋንቋ የሚያነቡ የተበተኑት አይሁድ ናቸው። እነዚህ የራሳቸው ምኵራቦች ነበሯቸው። በ1913 በኢየሩሳሌም በዳዊት ከተማ ኮረብታ ላይ አንድ ፈረንሳዊ ቈፋሪ ያገኘው በጽርእ የተቀረጸ ድንጋይ ለዚህ ምስክር ነው፤ በድንጋዩ ላይ ቴዎዶጦስ የተባለ ካህንና የምኵራብ አለቃ፣ አያቱም የምኵራብ አለቃ የነበረ፣ ሕግ የሚነበብበትንና ትእዛዛት የሚሰበኩበትን ምኵራብ፣ ከውጭ አገር ለሚመጡትም ማረፊያ ክፍሎችንና የውኃ መሳቢያውን እንደ ሠራ ተጽፏል። ብዙ ሊቃውንትም ይህ ጽሕፈት ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት የነበረ ነው ይላሉ።

ከእነዚህ እንግዶች መካከል በእርጅናቸው ዘመን የተቀደሰችውን ከተማ ተሳልመው በዚያው ለመሞትና ለመቀበር የመጡ ብዙዎች ነበሩ። ባል ሲሞት ሚስቲቱ በባዕድ ከተማ፣ የአገሩን ቋንቋ አጥርታ ሳታውቅ፣ ከልጅና ከዘመድ ርቃ ትቀራለች። ከአገራችን ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ሄደው በዚያው በገዳም ተወስነው የቀሩትን እናቶች ኑሮ የሚያውቅ ሰው የእነዚያን መበለቶች ሁኔታ ለመረዳት አይቸገርም። የአገሩ ተወላጅ የሆነችው መበለት ቢያንስ የእኅት ልጅ ወይም ጎረቤት አላት፤ ባትመጣ የሚፈልጋት፣ ብትረሳ የሚያስታውስላት አይጠፋም። እንግዳይቱ ግን ድርሻዋ ቢቀር ማንም ልብ አይልላትም።

እንግዲህ ደቀ መዛሙርት እየበዙ በሄዱበት በዚያ ወራት፣ ጽርእ ተናጋሪዎቹ በዕብራውያኑ ላይ ማንጐራጐር ጀመሩ፤ መበለቶቻቸው በዕለቱ እደላ ችላ ይባሉ ነበርና። ሉቃስ ይህን ሲጽፍ በተለይ የበደለውን ሰው ስም አልጠራም፤ ተንኰል ነበረ ወይም ስርቆት ነበረ አላለም። እኔም እንደሚመስለኝ በደሉ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ እደላው በትውውቅ ሲካሄድ ኖሮ የሕዝቡ ብዛት ከትውውቅ ወሰን ስላለፈ የመጣ ነው። የሚያድለው ሰው በቋንቋው የሚጠራውን ይጠራል፣ የሚያውቀውን ቤት ያንኳኳል፤ ያላወቀውንም በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ያልፋል። ነገር ግን ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ለተመለሰች መበለት ክፋቱና አለማወቁ ልዩነት አላቸውን? ራቡ አንድ ነው። የቋንቋም መለያየት በደሉን የወገን በደል ያስመስለዋል፤ ከዚህ ቀጥሎም ክርክሩ ከእንጀራው ወጥቶ «እኛ» እና «እነርሱ» ወደ ማለት ያልፋል። በአንድ ልብና በአንዲት ነፍስ የተመሰገነችው ቤተ ክርስቲያን ከውስጥ ልትሰነጠቅ የቀረበችበት የመጀመሪያው ሰዓት ይህ ነበር፤ ምክንያቱም የሃይማኖት ጉዳይ ሳይሆን የዕለት ጕርስ ነበረ።

ለማንጐራጐር የተጻፈው የጽርእ ቃል፣ እስራኤል በምድረ በዳ ስለ እንጀራና ስለ ሥጋ በሙሴ ላይ ሲያንጐራጕሩ ሰባው ሊቃናት በተረጐሙት መጽሐፍ የተጻፈው ያው ቃል ነው። ሐዋርያት ያንን ታሪክ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ስለ ነበረ፣ የሚያንጐራጕሩትን ሰዎች የምድረ በዳው ትውልድ ልጆች ብለው ቢገሥጿቸው መጽሐፍ ለመጥቀስ አይቸገሩም ነበር። ሥልጣንም ነበራቸው፤ የሐናንያም ፍርሀት ገና ከሕዝቡ ልብ አልጠፋ ይሆናል። እነርሱ ግን ወቀሳውን አልከለከሉም፤ ወሬውን ማን እንዳስነሣው አልመረመሩም፤ በስውርም የተወሰኑ ሽማግሌዎችን ጠርተው ነገሩን በጓዳ አልቈረጡም። የደቀ መዛሙርቱን ሕዝብ ሁሉ፣ ቅሬታ ያለውንም የሌለውንም፣ በአንድነት ጠሩ። በየደብሩ ጠብ ሲነሣ ነገሩ በጥቂት ሰዎች ሹክሹክታ ውሎ ሲያድር ምን እንደሚሆን ያየ ሰው፣ የዚህን ጉባኤ ክብር ሳያደንቅ አያልፍም።

በጉባኤው ፊት የተናገሩትም አጭር ነበር። የእግዚአብሔርን ቃል ማስተማር ትተው ማዕድ ለማገልገል ቢወሰኑ እንደማይገባቸው ገለጹ፤ ስለዚህም ሕዝቡ ከመካከሉ በመልካም የተመሰከረላቸውን፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ ጠየቁ፤ የተመረጡትንም በዚህ ጉዳይ ላይ እንደሚሾሙ፣ እነርሱም ለጸሎትና ለቃሉ አገልግሎት እንደሚተጉ አስታወቁ። ይህን ንግግር ማዕድን የሚንቅ አድርገው የሚያነቡት ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ከዚህ አሳብ ጋራ አልስማማም። በጽርኡ ለማዕዱም አገልግሎት ለቃሉም አገልግሎት የገባው ስም አንድ ነው፤ ዲያኮኒያ የሚባለው፣ በግእዙም መላክንና ማገልገልን ከሚያስተባብረው ቃል ጋራ የሚዛመደው። ሁለት አገልግሎት አለ፤ ሁለቱንም ያንድ ሰው እጅ ሊያደርሳቸው አልቻለም፤ ባንዱ ላይ የቆመው ሰው በሌላው ላይ ሲጐድል ደግሞ የሚጐዳው ዞሮ ዞሮ ደካማው ነው።

ከመመዘኛዎቹ መካከል ልቤን ይዞ የሚያቈየኝ ጥበብ የሚለው ነው። በመልካም መመስከር የታወቀ ነገር ነው፤ ገንዘብ የሚይዝ ሰው እውነተኛ መሆኑን በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች ሊመሰክሩለት ይገባል። ቅድስናም ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ሁሉ የሚፈለግ ነው። ነገር ግን እንጀራ ለማደል ጥበብ ለምን ያስፈልጋል? ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በሁለት ቋንቋ የሚናገር፣ የተቀየመና የተራበ ሕዝብ በተሰለፈበት ቦታ ላይ የሚቆም ሰው፣ ማን ቀድሞ እንደ ጐደለበት ማወቅ፣ ያፈረችውን መበለት በሰው ፊት ሳያሳፍር መጥራት፣ ደፍሮ ሁለት ጊዜ የመጣውን ሳይሰድብ መመለስ አለበትና። ይህን ሁሉ ቅንነት ብቻውን አይችለውም። ምሥክሩን የጠየቁትም ከራሳቸው አልነበረም፤ ምርጫውን ለሕዝቡ ትተው ሹመቱን ግን በእጃቸው አቈዩት። የሙሴ አማት ዮቶር ለሙሴ ሸክሙን እንዲያካፍል የመከረውን ምክር፣ ሙሴም ሕዝቡን ጥበበኞች ሰዎችን እንዲያቀርቡለት የጠየቀውን የሚያስታውስ ሰው፣ ሐዋርያት አዲስ ነገር እንዳልፈጠሩ ይገባዋል። በማትያስ ጊዜ እንደ ሆነው ግን አሁን ዕጣ አልተጣለም። የትንሣኤ ምስክርን እግዚአብሔር ራሱ በዕጣ ለየ፤ የእንጀራውን አገልጋይ ግን በእንጀራው የሚጠቀመው ሕዝብ እንዲመርጠው ተገባ።

ነገሩም ሕዝቡን ሁሉ ደስ አሰኛቸው፤ እስጢፋኖስን፣ ፊልጶስን፣ ጵሮኮሮስን፣ ኒቃሮናን፣ ጢሞናን፣ ጳርሜናን፣ ወደ ይሁዲነት ገብቶ የነበረውን የአንጾኪያውንም ኒቆላዎስን መረጡ። እነዚህን ስሞች እያንዳንዳቸውን ቀስ ብሎ የሚያነባቸው ሰው ሰባቱም የጽርእ ስሞች መሆናቸውን ያገኛል። ስም ብቻውን ፍጹም ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ከዐሥራ ሁለቱም መካከል እንድርያስና ፊልጶስ የገሊላ ሰዎች ሲሆኑ የጽርእ ስም ነበራቸው። ነገር ግን ሰባቱ ሁሉ ያለ አንዳች ተረፈ እንዲህ ሲሆኑ፣ አንደኛውም በትውልዱ እንኳ ከአሕዛብ ወገን ሲሆን፣ ሕዝቡ የእደላውን ሥራ ችላ ለተባለው ወገን አሳልፎ እንደ ሰጠ ከማመን በስተቀር ሌላ ትርጓሜ አላገኝም። ከዕብራውያኑ ሦስት፣ ከጽርእ ተናጋሪዎቹ ሦስት፣ ሰባተኛውም አስታራቂ ይሁን ብሎ ሒሳብ ማቻቻል ይቻል ነበር፤ እኛ ዛሬ በእንዲህ ያለ ጊዜ የምናደርገው ይህን ነው። የኢየሩሳሌም ሕዝብ ግን ከዚህ የሚበልጥ ድፍረት አደረገ፤ የዕብራውያኑን መበለቶች ጭምር ትናንት ሲያንጐራጕሩ በነበሩት ሰዎች እጅ ላይ ጣላቸው። ብዙኀኑ ድምፁን ይዞ የራሱን ሰው መምረጥ ሲችል፣ ለተቀየመው ወንድሙ መዝገቡንም ከረጢቱንም አስረከበ። ይሁዳ ከያዘው ከረጢት አንሥቶ በሐዋርያት እግር አጠገብ እስከ ተከመረው ገንዘብ ድረስ በዐሥራ ሁለቱ ማኅበር ውስጥ የኖረው አደራ፣ በዚህ ቀን በምስክርነትና በምርጫ ከእነርሱ እጅ ወጣ።

የተመረጡትን በሐዋርያት ፊት አቆሟቸው፤ ሐዋርያትም ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። በዚህ ምዕራፍ ላይ ዲያቆን የሚለው የማዕርግ ስም ለሰባቱ አልተጻፈም፤ ቅዱስ ሄሬኔዎስ እስጢፋኖስን በሐዋርያት የተመረጠ የመጀመሪያው ዲያቆን ሲለው፣ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ግን ይህ ሹመት ኋላ የምናውቀው የዲቁና ማዕርግ ራሱ ነው ለማለት አልደፈረም። እኛ እስጢፋኖስን ሊቀ ዲያቆናት እያልን ሹመቱን በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቀን እናከብራለን። የሰባትም ቍጥር በአንዳንድ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ተጠብቆ ኖረ፤ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ አልፈው፣ በ251 ዓ.ም. ገደማ የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ቆርኔሌዎስ ለአንጾኪያው ፋብዮስ በጻፈው መልእክት ከተማው 46 ቀሳውስት ሲኖሩት ዲያቆናቱ ግን 7 ብቻ፣ ንፍቅ ዲያቆናቱም 7 እንደ ነበሩ ይገልጻል። በዚያው መልእክት ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትመግባቸው መበለቶችና ችግረኞች ከ1,500 በላይ እንደ ነበሩ ተጽፏል። የማዕርጉ ቍጥርና የመበለቶቹ ቍጥር በአንድ ገጽ ላይ መገኘታቸው ዲቁና ከየት እንደ ተወለደ ያልተረሳበት ዘመን መሆኑን ያሳያል።

ሰባቱ ከተሾሙ በኋላ የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ ሄደ፤ በኢየሩሳሌምም የደቀ መዛሙርቱ ቍጥር እጅግ በዛ፤ ከካህናትም ብዙዎች አመኑ። ይህ ሰላም ግን ብዙ ጊዜ አልቈየም። እስጢፋኖስ የነጻ ወጪዎች ከተባለችው ምኵራብ፣ ከቀሬናና ከእስክንድርያ፣ ከኪልቅያና ከእስያም ሰዎች ጋራ፣ ማለት በቋንቋ ከገዛ ወገኖቹ ጋራ፣ ክርክር ገጠመ፤ ጥበቡንም መቋቋም አልቻሉም። ለእደላ ሲመረጥ የተጠየቀው ያ ጥበብ በምኵራብ ክርክር ላይ ዐይን የሚገባ ሆነ። ከዚያ በሐሰት ምስክሮች ወደ ሸንጎ አቀረቡት፤ ከከተማውም ውጭ አውጥተው በድንጋይ ወገሩት፤ የወጋሪዎቹንም ልብስ ሳውል የሚባል ጐልማሳ ይጠብቅ ነበር። የመጀመሪያው ሰማዕት ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ አልሆነም፤ ለመበለቶች ማዕድ ከተመረጡት ሰባት ሰዎች የመጀመሪያው ሆነ።

ከዚህ ቀጥሎ በመጣው ስደት ከሐዋርያት በቀር ሁሉ ወደ ይሁዳና ወደ ሰማርያ አገሮች ተበተኑ። ፊልጶስ ወደ ሰማርያ ወርዶ ሰበከ፤ ከዚያም ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚያወርደው በምድረ በዳው መንገድ የኢትዮጵያ ንግሥት የሕንደኬን ጃንደረባ በሠረገላው ላይ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ አገኘው፤ ተረጐመለት፤ አጠመቀውም። ሕንደኬ የሚለው ስም በዓባይ ወንዝ ዳር የነበረችው የመርዌ ንግሥታት ማዕርግ መሆኑን የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ አባቶቻችን ደግሞ ይህን ጃንደረባ ወንጌልን ወደ አገራችን ያመጣ ብለው ሲያከብሩት ኖረዋል። ይህም ጃንደረባ በገንዘብ ላይ የተሾመ ሰው ነበር፤ የንግሥቲቱ መዝገብ ሁሉ በእጁ ነበር። ፊልጶስ ከዚያ በአዛጦን ተገኝቶ በከተሞቹ ሁሉ እየሰበከ እስከ ቂሣርያ ደረሰ፤ በዚያም ተቀመጠ።

ሌሎቹ ስደተኞች እስከ ፊንቄ፣ እስከ ቆጵሮስና እስከ አንጾኪያ ዞሩ፤ ከእነርሱም የቆጵሮስና የቀሬና ሰዎች አንጾኪያ ሲደርሱ ለግሪክ ሰዎች ጭምር ወንጌልን ነገሩ። ኢየሩሳሌም ይህን ስትሰማ በርናባስን ላከች፤ በርናባስም አይቶ ደስ አለው፤ ሥራው ለብቻው እንደማይበቃ ተረድቶም ወደ ጠርሴስ ሄዶ ከአሳዳጅነት ወደ እምነት የተመለሰውን ሳውልን ፈልጎ አመጣው። ሰው ሁሉ የሚፈራውን ሰው ሄዶ የመፈለግ ጸጋ ለበርናባስ የተሰጠ ነበር። ደቀ መዛሙርትም መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉት በዚህች ከተማ ነው።

በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን (41–54 ዓ.ም.) አጋቦስ የሚባል ነቢይ ጽኑ ራብ እንደሚሆን ተናግሮ ነበር፤ ራቡም ሆነ። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሓፊ ፍላቪዮስ ዮሴፍ በዚያ ራብ የአድያቤኔ ንግሥት ሄሌኒ ከእስክንድርያ እህል፣ ከቆጵሮስም በለስ አስገዝታ ለኢየሩሳሌም ሕዝብ እንዳደለች ጽፏል። የአንጾኪያ ምእመናንም እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ ወደ ይሁዳ ላኩ። በኢየሩሳሌም መበለቶቻቸው የተረሱባቸው፣ ከኢየሩሳሌምም ተሰደው የወጡት ሰዎች የተከሏት ቤተ ክርስቲያን፣ የኢየሩሳሌምን ድኾች መመገብ ጀመረች።

በ49 ዓ.ም. ገደማ ስለ አሕዛብ መገረዝ በተነሣው ጠብ ምክንያት የተደረገው የኢየሩሳሌም ጉባኤ በብዙ የታወቀ ስለ ሆነ አልዘገይበትም፤ ውሳኔውን ለማድረስ ይሁዳ የሚባል ሌላ ሰውንና ሲላስን ሲመርጡ ከሐዋርያትና ከቀሳውስት ጋራ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ እንደ ተስማማበት ብቻ ላመልክት። ጠብ ሁሉ ግን እንዲህ አልተፈጸመም። ጳውሎስ የተባለው ሳውልና በርናባስ የጐበኟቸውን አብያተ ክርስቲያናት ዳግመኛ ሊያዩ ሲነሡ፣ በርናባስ ማርቆስ የተባለውን ዮሐንስን ሊወስድ ወደደ፤ ጳውሎስ ግን ቀድሞ በጵንፍልያ ትቷቸው ተመልሶ ነበርና አይሆንም አለ። በዚህ ላይ በርትተው ተከራከሩ፤ እርስ በርሳቸውም ተለያዩ። የሁለት ቅዱሳን ጠብ ነውና አንባቢን ያሳዝነዋል፤ ሉቃስ ግን አልሸፈነውም። ማን እውነት ነበረው? ጳውሎስ ኋላ በመልእክቱ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው ጽፎ እንዲያመጡለት ለምኗል። ከዚያ መለያየት ጥቂት ቈይቶ ጳውሎስ በልስጥራ ጢሞቴዎስን ለአገልግሎት ሲወስደው፣ በልስጥራና በኢቆንዮን ያሉ ወንድሞች እንደ መሰከሩለት ተጽፏል፤ ይህም የጽርእ ቃል ስለ ሰባቱ ምርጫ የተነገረው ያው የምስክርነት ቃል ነው።

ጳውሎስ በሕይወቱ መካከለኛ ዘመን ብዙ የደከመበት ሥራ አንዱ ለኢየሩሳሌም ድኾች ከመቄዶንያና ከአካይያ፣ ከገላትያም አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰበው ምጽዋት ነው። ይህን ገንዘብ ብቻውን ሊሸከመው አልፈለገም። ለቆሮንቶስ ሰዎች እንደ ጻፈው፣ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት አንድ ወንድም ከእርሱ ጋራ እንዲጓዝ አደረገ፤ በዚህ ብዙ ስጦታ ምክንያት ማንም እንዳይነቅፈው፣ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነው እንዲታሰብ። ሐዋርያው የእውነተኛነቱ ነገር ለራሱ ኅሊና ግልጽ ሆኖ ሳለ ምስክር መጠየቁ ለእኔ ከብዙ ስብከት የበለጠ ነው። በ57 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስም አብረውት የተጓዙትን ሉቃስ በስማቸው ቈጥሯቸዋል፤ የቤርያው ሶጳጥሮስ፣ ከተሰሎንቄ አርስጥሮኮስና ሲኮንዱስ፣ የደርቤኑ ጋይዮስ፣ ጢሞቴዎስ፣ ከእስያም ቲኪቆስና ጥሮፊሞስ ናቸው። ሰባት ናቸው። ሉቃስ ቍጥሩን አልጠራም፤ ስሞቹን ግን በተራ አቀረበ።

ጳውሎስ ለበዓለ ኀምሳ ኢየሩሳሌም ለመድረስ ይቸኩል ነበር። መርከቡ በጢሮስ ጭነቱን አራገፈ፤ እነርሱም በጴጤሌማይስ አልፈው ቂሣርያ ገቡ፤ ከሰባቱ አንዱ በነበረው በወንጌላዊው በፊልጶስ ቤትም ዐረፉ። ከምርጫው ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ ነበር፤ ሉቃስ ግን ፊልጶስን አሁንም ከሰባቱ አንዱ ይለዋል። ትንቢት የሚናገሩ አራት ደናግል ልጆች ነበሩት። የእስጢፋኖስን ወጋሪዎች ልብስ የጠበቀው፣ ፊልጶስንም ከኢየሩሳሌም ያሰደደውን ስደት የመራው ያ ሳውል፣ አሁን የኢየሩሳሌምን ድኾች ምጽዋት ይዞ በፊልጶስ ማዕድ ላይ ብዙ ቀን ተቀመጠ። በዚያ ሳሉ ራቡን አስቀድሞ የተናገረው አጋቦስ ከይሁዳ ወርዶ መጣ፤ ጳውሎስን በኢየሩሳሌም እስራት እንደሚጠብቀውም በመታጠቂያው ምሳሌ አሳየው። የቤቱ ሰዎች አለቀሱ፤ እንዳይወጣም ለመኑት፤ እርሱ ግን እንቢ አለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዕቃቸውን አሰናድተው፣ ከቂሣርያ ደቀ መዛሙርት ጥቂቶቹ እየሸኟቸው፣ ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ፤ ከጥንት ጀምሮ ደቀ መዝሙር የነበረው የቆጵሮሱ ምናሶንም በቤቱ ተቀበላቸው።